ለምጣድ የሚሆነው «ወፍራም ገመድ» ስንት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ቃጠሎን ስለ መከላከል ያወጣችሁትን ምክር አንብበነዋል። «ለምጣድና ለምድጃ ወፍራም ገመድ ተጠቀሙ» ይላል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ነገር ግን ሱቅ ገብቶ «ወፍራም ገመድ ስጠኝ» ያለ ሰው እንደ ሻጩ ፈቃድ ባለ 2.5 ወይም ባለ 4 (ቁጥሩ የመዳቡ ውፍረት በሚሊ ሜትር ካሬ ነው) ይዞ ይወጣል፤ አንዳንዴም ላስቲኩ ብቻ የወፈረ ባለ 1.5 ይሸጡለታል። ውፍረት በዓይን አይለካም። አንባቢ በወረቀት ጽፎ ወደ ገበያ የሚወስደው ቁጥር እንዲኖረው ብለን በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሙያ ላይ ያለን የደብረ ማርቆስ ሰዎች ይህን ጽፈናል።

ገመድ ከመግዛት በፊት ምጣዱ ስንት አምፒር (በገመዱ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት መጠን) እንደሚስብ መታወቅ አለበት። የእንጀራ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 3.8 ኪሎ ዋት ነው። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ እስከ 17.3 አምፒር ይሆናል። በየሰፈሩ የሚሠሩት ምጣዶች ግን ብዙዎቹ ምንም አልተጻፈባቸውም፤ የተጻፈባቸውም ሽቦው ከተቀየረ በኋላ ጽሑፉ አይታመንም። ስለዚህ ይለኩት። መልቲ ሜትር ያለው ሰው ምጣዱን ከመስመር ነቅሎ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ሁለቱን የገመድ ጫፎች በኦም (ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን) ይለካ። 13.8 ኦም ካነበበ 16 አምፒር ነው፤ 12 ኦም ካነበበ 18.3 አምፒር። መልቲ ሜትር የሌለው ደግሞ ካርድ ቆጣሪው ይበቃዋል፦ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፋ፣ ምጣዱን ብቻ ያብራ፣ ልክ በ6 ደቂቃ ውስጥ የወረደውን ኪሎ ዋት ሰዓት ይያዝና በ10 ያባዛ። 0.37 ከወረደ ምጣዱ 3.7 ኪሎ ዋት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያዎችም የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ኦቨን ያለው ምድጃ ሙቀቱ ሲሞላ ራሱን ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይበራል፤ አራቱ ምድጃዎችና ኦቨኑ አንድ ላይ ሙሉ ኃይል የሚስቡበት ጊዜ አጭር ነው። በእንግሊዝ አገር የዝርጋታ መመሪያ ለቤት ምድጃ ከመጀመሪያው 10 አምፒር በላይ ያለውን 30 በመቶ ብቻ መቁጠር የተፈቀደው ለዚህ ነው። ይህን ስሌት ወስዶ ለምጣድ ማዋል ትልቅ ስሕተት ነው። ምጣድ ከመጀመሪያው ማሰሻ እስከ መጨረሻው እንጀራ አያርፍም። ለበዓል ዋዜማ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲጋገር 17 አምፒሩ ሳይቋረጥ በገመዱ ውስጥ ያልፋል። የምጣድ ጭነት ምንም ሳይቀነስለት ሙሉውን ይቆጠራል።

ከዚያ ብሬከሩ (አምፒሩ ሲበዛ ራሱ ወርዶ መስመሩን የሚያቋርጠው) ይመረጣል፣ ገመዱም ለብሬከሩ ይመረጣል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የምጣዱ አምፒር ከብሬከሩ አይበልጥም፣ የብሬከሩ አምፒር ደግሞ ገመዱ ከሚችለው አይበልጥም። ብሬከር ምጣዱን ለመጠበቅ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እሱ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። 17 አምፒር የሚስብ ምጣድ በ16 ብሬከር ላይ ሲገባ ወዲያው አይወርድም፤ የብሬከር ሳጥኑ ሞቆ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ሲቆይ ግን፣ ሊጡ ገና ሳያልቅ ሊወርድ ይችላል። ያኔ የሚጠራው ሠራተኛ «ብሬከሩ አንሷችሁ ነው» ብሎ 32 ወይም 40 ይገጥማል። ብሬከሩ መውረዱን ያቆማል፣ ቤተሰቡም ተመስገን ይላል። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ባለ 40 ብሬከር 45 አምፒር ድረስ ሳይወርድ ሊያሳልፍ ይችላል። ግድግዳው ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ገመድ ግን የሚችለው 24 ነው። ሙቀት የሚያድገው በአምፒሩ ስኩዌር (አምፒሩ በራሱ ተባዝቶ) ስለሆነ፣ ሽቦ ተነካክቶ ወይም ተጨማሪ ምድጃ ተሰክቶ 45 ቢደርስ ገመዱ ከተሠራበት ሦስት እጥፍ ተኩል ሙቀት ይሸከማል። ለ17 አምፒር ምጣድ ትክክለኛው ብሬከር ባለ 20 ነው። ገመዱ 1.5 ሆኖ ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ መቀየር ያለበት ገመዱ ነው፣ ብሬከሩም ከእሱ ጋር።

አሁን ወደ ገመዱ። ላስቲኩ ፒቪሲ የሆነ የመዳብ ገመድ፣ በቱቦ ውስጥ ሆኖ በብሎኬት ግድግዳ ሲቀበር፣ አካባቢው 30 ዲግሪ ሲሆንና በቱቦው ውስጥ ብቻውን ሲሄድ፣ ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬው 17.5 አምፒር፣ ባለ 2.5ቱ 24፣ ባለ 4ቱ 32፣ ባለ 6ቱ 41፣ ባለ 10ሩ 57 አምፒር ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች በቃል መያዝ ጥሩ ነው፤ ግን ከሁኔታው ጋር ነው የሚያዙት። በዚህ ስሌት ባለ 2.5 ገመድ ከ20 ብሬከር ጋር ለምጣድ ይበቃል፤ «2.5 በቂ ነው» የሚባለውም ከዚህ መጥቶ ነው። ሁኔታው ሲቀየር ቁጥሩ ይቀየራል፣ በእኛ አካባቢ ቤቶች ደግሞ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ተቀይሮ ነው የሚገኘው።

የደብረ ማርቆስ፣ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬም ሆነ የሞጣ ቤት ብዙውን ጊዜ ገመዱ ከኮርኒስ በላይ፣ ከቆርቆሮው በታች ይሄዳል። የአየሩ ብርድ አያታልል፤ በበጋ ቀትር ከቆርቆሮ ሥር ያለው አየር በቀላሉ 40 ዲግሪ ያልፋል። በ40 ዲግሪ ገመዱ ከሚችለው 87 በመቶው ብቻ ይቀራል። በዚያው ቱቦ ውስጥ የሳሎኑ ሶኬት መስመርም አብሮ ካለፈ ደግሞ 80 በመቶው ይቀራል። ሁለቱ ሲገናኙ፣ ማለትም 24 በ0.8 ከዚያም በ0.87 ሲባዛ፣ ባለ 2.5ቱ የሚችለው 16.7 አምፒር ይሆናል። 17 አምፒሩን ምጣድ እንኳ አይሸከምም፣ ባለ 20 ብሬከሩም አይጠብቀውም። ባለ 4ቱ በተመሳሳይ ስሌት 22.3 ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ከሌላ ጋር የሚጋራው ቱቦ ካለ ወይም በቆርቆሮ ሥር ካለፈ ባለ 4 ይግዙ። የዋጋው ልዩነት ያሳስባል፣ እናውቃለን፤ ግን ግድግዳ ፍቆ ገመድ መልሶ ማውጣት ከዚያ ይብሳል።

በጭቃ ቤት ያለ ቱቦ በምርጊቱ ውስጥ ገመድ መቅበር አሁንም አልቀረም። ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ ጭድ አለው፣ ምስማር የሚመታውም ሰው ገመዱ የት እንዳለ አያውቅም። ቱቦ ይግባ። ከዚህ በላይ ለመጻፍ አያስፈልግም።

ትልቁ ጉዳይ ርቀት ነው። በጎጃም ከተሞች ማእድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ ይሠራል፤ ከብሬከር ሳጥኑ እስከ ምጣዱ ገመዱ በግድግዳ ወጥቶ፣ በኮርኒስ ዞሮ፣ ግቢውን አቋርጦ ሲደርስ 30 ሜትር መሆኑ እንግዳ ነገር አይደለም። ገመድ ሲረዝም ቮልት ይበላል። ለእያንዳንዱ አምፒርና ለእያንዳንዱ ሜትር (መመለሻው ተቆጥሮ) ባለ 1.5 ገመድ 29 ሚሊ ቮልት፣ ባለ 2.5ቱ 18፣ ባለ 4ቱ 11፣ ባለ 6ቱ 7.3 ሚሊ ቮልት ይወስዳል። ለ17 አምፒር ምጣድ በ30 ሜትር ስናሰላው በ1.5 ገመድ 14.8 ቮልት፣ በ2.5 ደግሞ 9.2፣ በ4 ገመድ 5.6፣ በ6 ገመድ 3.7 ቮልት ይጠፋል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ከመብራት ውጭ ላለ ጭነት ከ5 በመቶ፣ ማለትም ከ11 ቮልት እንዳይበልጥ ይመክራል። ባለ 1.5ቱ ወደቀ። ባለ 2.5ቱ ለጥቂት አለፈ፤ ከቆጣሪው እስከ ሳጥኑ ያለው መስመር የሚወስደው ሲጨመርበት ግን እሱም ይወድቃል። ለጓሮ ማእድ ቤት ከ25 ሜትር በላይ ባለ 4፣ ከ45 ሜትር በላይ ባለ 6 እንመክራለን።

«ወፍራም ገመድ ቆጣሪ ያስቆጥራል» የሚለው ወሬ በየሰፈሩ አለ፣ ብዙ እናቶችም አምነውበት ቀጭን ገመድ ያስገባሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። በዚያው 30 ሜትር ላይ ባለ 1.5 ገመድ 250 ዋት ገደማ ግድግዳ ሲያሞቅ ይውላል፤ ባለ 4ቱ የሚያባክነው 95 ዋት ነው። ቆጣሪው ሁለቱንም ይቆጥራል። ኃይሉ ከጢስ ዓባይም ይምጣ ከበለስ፣ የመጨረሻዋን 30 ሜትር የሚጓዘው እኛ በመረጥነው ገመድ ነው።

ቮልት ሲያንስ ሙቀቱ የሚቀንሰው ከሚጠበቀው በላይ ነው። 190 ቮልት የደረሰው ምጣድ የሚሰጠው የሙቀቱን 75 በመቶ ብቻ ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሥሩ ይደርቃል፣ አክምባሎው ሲነሳ መሐሉ ጥሬ ይሆናል። ያኔ ምጣዱ ለጥገና ይወሰድና ጠጋኙ ሽቦውን ያሳጥረዋል፤ «ኃይል ጨመርኩበት» ይላል። ሽቦው ሲበጠስ ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ መቀጠልም ውጤቱ ያው ማሳጠር ነው። 13.8 ኦም የነበረው ሽቦ 15 በመቶ ቢያጥር 11.7 ኦም ይሆናል። ምሽት ቮልቱ ዝቅ ሲል ደህና ይጋግራል። ጧት ወይም ሌሊት ቮልቱ 220 ሲመለስ ግን 18.8 አምፒር ይስባል፣ 4.1 ኪሎ ዋት ሆኗል ማለት ነው። ለ16 አምፒር የተሠራው ሶኬት የሚቀልጠው እንዲህ ባለው ቀን ነው። ስለዚህ ምጣድ አልጋገር ሲል ቮልቱ በቅድሚያ ይለካ፦ ምጣዱ ጠፍቶ በሳጥኑ ላይ፣ ምጣዱ በርቶ በሳጥኑ ላይ፣ በመጨረሻ በርቶ ማእድ ቤት ላይ። ሳጥኑና ማእድ ቤቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ8 እስከ 10 ቮልት ካለፈ ጥፋቱ የገመዱ ወይም የመጋጠሚያው ነው። ሳጥኑ ላይ ጠፍቶም 190 ከሆነ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው፤ እሱ በአገልግሎት ሰጪው ቢሮ ይመዝገብ እንጂ በሽቦ ማሳጠር አይፈታም።

ሶኬቱን ካነሳን አንድ ስፒና ቀርበን እንመልከት። እግሩ የገባበት ቀዳዳ ዙሪያው ቢጫ ሆኗል፣ ከዚያ ቡናማ። ስፒናው ሲነቀል እግሩ ጥቁር ነጥብ አለው፣ ሲነካ ሻካራ ነው። ውስጥ ያለችው የነሐስ ልሳን ሙቀት ለስላሳ አድርጓት እግሩን አጥብቃ መያዝ ትታለች። በዚያ ልቅ መጋጠሚያ ላይ 0.1 ኦም ብቻ ቢፈጠር በ17 አምፒር 29 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ ሬዲዮ ጠጋኝ ሊድ የሚያቀልጥበት ካውያም 30 ዋት ያህል ነው። ያን ካውያ የስንዴ ቅንጣት በምታክል ቦታ ላይ ሁለት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። ብሬከሩ ይህን አያይም፤ ለእሱ አምፒሩ ያው 17 ነው። ገመዱን ባለ 10 ብናደርገውም ይህ ጥፋት አይድንም።

ስለዚህ ምጣድ በተራ 16 አምፒር ሶኬት አይሰካ፣ በማከፋፈያ ኤክስቴንሽን ደግሞ ጨርሶ። ከግድግዳ የሚወጣው ገመድ ፌዙንም (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ኒውትራሉንም (መመለሻውን) በአንድ ጊዜ ወደሚያቋርጥ ባለ 32 አምፒር ማብሪያ ይግባ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ምጣዱ ይሂድ። መንቀል ግድ ከሆነ ክቡን ሰማያዊ ባለ 32 አምፒር ሶኬት ይግጠሙ። ማብሪያው ከምጣዱ በላይ ሳይሆን በጎን፣ የአክምባሎው እንፋሎት በማይደርስበት ቦታ ይሁን። ከማብሪያው ወደ ምጣዱ የሚሄደው ተጣጣፊ ገመድ ከባለ 2.5 አይነስ፣ ሙቀት የሚችል ጎማ ወይም ሲሊኮን ይሁን። ተራው የፒቪሲ ላስቲክ ለ70 ዲግሪ የተሠራ ነው፤ የምጣዱ ፊት ሲጋገር ከ200 ዲግሪ የማይርቅ ስለሆነ ቆርቆሮውን የነካ ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በምጣዱ ሆድ ውስጥ ያለው መጋጠሚያ የሸክላ ሞርሴቶ (ገመድ በቪት የሚጠብቅበት ማያያዣ) ይሁን፤ ፕላስቲኩ አይቆይም።

በመንገድ ላይ ገመድ አይቀጠል። መቀጠል ግድ ሲሆን በሳጥን ውስጥ፣ ለገመዱ ልክ በሆነ ሞርሴቶ፣ ሁለቱም ቪቶች በካቻቢቴ በደንብ ጠብቀው ይሁን። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ለአምፖልም አይመከርም፣ ለምጣድ ግን እሳት ነው። አንዳንድ ቤት ፌዙ አዲስ ይዘረጋና ኒውትራሉ ከመብራት መስመር ይዋሳል። ያ የመብራት ኒውትራል ባለ 1.5 ነው፣ የምጣዱን 17 አምፒርና የመብራቱን አንድ ላይ ይሸከማል፣ የሚጠብቀው ብሬከርም የለም። ኒውትራሉ ከፌዙ ጋር እኩል ውፍረት ያለው፣ ከሳጥኑ የተነሳ የራሱ ገመድ ይሁን። የመሬት ገመዱም እስከ ባለ 16 ድረስ ከፌዙ እኩል ነው።

ስለ ገመዱ ጥራት ጥቂት እንበል፣ ምክንያቱም ትክክለኛ ቁጥር ጠይቆ የውሸት ገመድ መግዛት አለ። ባለ 2.5 ነጠላ ሽቦ ዲያሜትሩ 1.78 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሰባት ዘለላ ያለው ከሆነ እያንዳንዱ 0.67። ባለ 4ቱ ሰባት ዘለላ ሲሆን እያንዳንዱ 0.85፣ ባለ 6ቱ 1.04 ሚሊ ሜትር ናቸው። ካሊፐር የሌለው ሚዛን ይጠቀም፦ በአንድ 100 ሜትር ጥቅል ባለ 2.5 ገመድ ውስጥ መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ነው፣ ከነላስቲኩ ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ጥቅሉ 2 ኪሎ ከመዘነ ወይ አጭር ነው፣ ወይ ቀጭን ነው፣ ወይ ውስጡ አሉሚኒየም ነው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ከላይ ሲታይ ቀይ ነው። ጫፉን በምላጭ ጠረብ አድርገው በፀሐይ ብርሃን ይዩት፤ መሐሉ ነጭ ከሆነ ይመልሱት። እንዲህ ያለው ባለ 2.5 ገመድ ሥራው የመዳቡን ባለ 1.5 ያህል ነው፣ ጥቂት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ሲታጠፍም ይሰበራል።

ባለ አራት ምድጃና ኦቨን ያለው ስቶቭ 7.5 ኪሎ ዋት ከሆነ ሁሉም ሲበራ 34 አምፒር ይስባል። ራሱን የቻለ ባለ 6 ገመድ ከባለ 32 ብሬከር ጋር ይበቃዋል፤ ሁሉም አንድ ላይ ረጅም ጊዜ ስለማይሠሩ። በኮርኒስ ላይ ከሌላ መስመር ጋር የሚሄድ ከሆነ ባለ 10 ያስፈልጋል። ምጣዱና ስቶቩ በአንድ መስመር አይገናኙ፤ በዋዜማ አንድ ላይ ይበራሉ፣ ድምሩ 50 አምፒር ያልፋል። ሁለት መስመር፣ ሁለት ብሬከር። ከቆጣሪው ወደ ሳጥኑ የሚመጣውም ገመድ ይህን ድምር መቻል አለበት። እዚያ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ተዘርግቶ ማእድ ቤት ላይ ባለ 10 መግጠም ትርጉም የለውም። ቆጣሪው የተፈቀደለት መጠን ካነሰ ዋናውን ብሬከር በራስ ሥልጣን ማሳደግ ሳይሆን ለተጨማሪ ኃይል ማመልከት ነው።

ምጣዱ የቆርቆሮ አካል ስላለው፣ ሊጥ ስለሚፈስበት፣ የምትጋግረውም ብዙ ጊዜ በባዶ እግሯ ወይም በእርጥብ ጫማ በመሬት ላይ ስለምትቆም፣ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ገመድ ከአካሉ ጋር በቪት ይታሰር፣ ባለ 30 ሚሊ አምፒር አርሲዲም (ኤሌክትሪክ ወደ አካል ወይም ወደ መሬት ሲያፈተልክ መስመሩን የሚያቋርጥ) ይግባ። ክረምት ላይ ሳይጋገርበት የቆየ ምጣድ ሸክላው እርጥበት ጠጥቶ አርሲዲውን ሊያወርድ ይችላል። መፍትሔው አርሲዲውን ማለፍ አይደለም፤ ምጣዱን ፀሐይ ላይ ወይም ከእሳት አጠገብ አድርቆ መሞከር ነው። ደርቆም ከወረደ ሽቦው አካሉን ነክቷል፣ ይጠገን።

ሥራው ሲያልቅ ሠራተኛውን ወዲያው አይሸኙት። ምጣዱ 45 ደቂቃ ይብራና ማብሪያውን፣ ብሬከሩን፣ በቱቦ አፍ ላይ ያለውን ገመድ በእጅ ጀርባ ይንኩ፤ የሚነካው ላስቲኩና ፕላስቲኩ ብቻ ነው። ለብ ማለቱ ያለ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ መጋጠሚያው ልቅ ነው። ከአንድ ወር በኋላ ዋናው ብሬከር ጠፍቶ፣ በቴስተር ኃይል አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ የማብሪያውና የሳጥኑ ቪቶች እንደገና ይጥበቁ፤ መሞቅና መቀዝቀዝ መዳቡን ስለሚያላውሰው የመጀመሪያው ወር ላይ ቪቶች ሩብ ዙር ያህል ሲላሉ ይገኛሉ።

ምክራችሁን ደግማችሁ የምታትሙ ከሆነ «ወፍራም ገመድ» ከሚለው ጎን የምጣዱን አምፒር፣ የብሬከሩን ቁጥርና የገመዱን ሚሊ ሜትር ካሬ እንድታስገቡልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
በኤሌክትሪክ ዝርጋታ የተሰማሩ ባለሙያዎች
ደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም